ለማክሮፋጅ የምናዛቸው ብልቃጦች፦ የቱ ይሠራል፣ የቱ ይሸውዳል

ይሄን ግምገማ ልጽፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ስንፍና ነው ያዘገየኝ። ሰሞኑን ግን አዲስ የገባ ተማሪ መጥቶ "ለቲቢው ሙከራ የትኛውን ሳይቶካይን ልዘዝ?" አለኝ። እኔም ቀና ሳልል "ሁሌ የምናዘውን" ብዬ መለስኩለት። ልጁ አመስግኖ ሄደ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለምንድን ነው ሁሌ ያንን የምናዘው? ማን ወሰነው? እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንዱ "ሁሌ የምናዘውን" ብሎኝ ነበር እኮ፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ለዓመታት ስጠቀምባቸው የኖርኳቸውን ብልቃጦች አንሥቼ የሚሰማኝን ልናገር። የኩባንያ ስም አልጠራም። አንዱ ከሌላው ያን ያህል አይለይም፤ የሚለየው ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሴሉን ምን እንደሚያደርገው ነው። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ለአዲስ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ሳይቶካይን ማለት የመከላከያ ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩበት ፕሮቲን ነው። አንዱ ሴል ይለቀዋል፣ ሌላው ሴል ላይ ያለ ተቀባይ ይይዘዋል፣ ከዚያ የተቀባዩ ሴል ጠባይ ይለወጣል። እኛ የምንገዛው በባክቴሪያ ወይም በእንስሳ ሴል ውስጥ ተመርቶ፣ ተጣርቶና ደርቆ በትንሽ ብልቃጥ የሚመጣውን ነው። ብልቃጡ ባዶ ይመስላል። ውስጡ ያለው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ማይክሮግራም ስለሆነ በዓይን አይታይም። የመጀመሪያዬን ብልቃጥ "ባዶ ላኩብኝ" ብዬ ላማርር ስልክ አንሥቼ ነበር፤ ደግነቱ አጠገቤ የነበረች ሴት ከት ብላ ሳቀችና አዳነችኝ። ከመክፈታችሁ በፊት ሴንትሪፉጅ ላይ ትንሽ አሽከርክሩት። ክዳኑ ላይ የተጣበቀው ሲከፈት ሊጠፋ ይችላል።

አሁን ወደ ቲቢው። ባክቴሪያው በትንፋሽ ገብቶ እስከ ሳንባ አየር ከረጢት ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እዚያው የሚኖረውን ማክሮፋጅ የሚባል የመከላከያ ሴል ነው። ማክሮፋጅ ሥራው መዋጥ ነው፤ አቧራ ይውጣል፣ የሞተ ሴል ይውጣል፣ ጀርም ይውጣል። የዋጠውን በትንሽ ከረጢት ይይዝና አሲድና ኢንዛይም ከሞላበት ሌላ ከረጢት ጋር ያዋህደዋል፣ እዚያ ይፈጨዋል። የቲቢ ባክቴሪያ ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው፤ ውህደቱን ያግዳል። ይሄ በ1971 በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ታይቷል። ከዚያ በኋላ ሊገድለው በተሠራው ሴል ውስጥ ቤቱን ሠርቶ ይቀመጣል፣ በ20 ሰዓት አንድ ጊዜ ገደማ እየተከፈለ ቀስ ብሎ ይበዛል። ቀልድ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ሰው በቲቢ ታሟል፣ 1.25 ሚሊዮን ሞቷል።

ያ ማክሮፋጅ ባክቴሪያውን ይገድለዋል ወይስ ያሳድረዋል የሚለውን በብዛት የሚወስነው ከየት መልእክት እንደደረሰው ነው። መልእክቱ ደግሞ እነዚህ ብልቃጦች ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ናቸው። ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ ሳህን ላይ የምናሳድገው ሴል የምናፈስለትን ነው የሚሆነው። ቲቢው ገና ሳይጨመር በፊት የሙከራው ግማሽ ውጤት ተወስኗል ማለት ነው። ይሄን ነገር ቀደም ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስንት ሳህን ባተረፍኩ።

ከተለመደው ልጀምር፤ ማክሮፋጅ የሚያሳድገው ሳይቶካይን፣ ኤም-ሲኤስኤፍ። "ሁሌ የምናዘው" ይሄ ነው። ከደም ሞኖሳይት የሚባለውን፣ ወደ ማክሮፋጅ የሚያድገውን ነጭ ሴል ትለያላችሁ፣ በሚሊ ሊትር 50 ናኖግራም ገደማ ትጨምራላችሁ፣ ስድስት ሰባት ቀን ትጠብቃላችሁ፣ ማክሮፋጅ አላችሁ። ረዘም ረዘም ያሉ፣ ሳህኑ ላይ በደንብ የተጣበቁ፣ የሚያምሩ ሴሎች። አይሞትም፣ አያስቸግርም፣ ከብልቃጥ ብልቃጥ ብዙም አይለዋወጥም። የሰው ኤም-ሲኤስኤፍ ለአይጥ ሴልም ይሠራል፤ የአይጡ ግን ለሰው ሴል አይሠራም። እንደ እቃ ከታየ ከአምስት አምስት ይገባዋል። ችግሩ የሚሰጣችሁ ሴል የሳንባ ሴል አለመሆኑ ነው። ከደም የመጣ፣ አየር ከረጢት አይቶ የማያውቅ ሴል ነው። ሰዉ በዚህ ሴል ላይ ሙከራ ሠርቶ ርእሱ ላይ "የሳንባ ማክሮፋጅ" ብሎ ሲጽፍ ሳይ ይገርመኛል። እኔም አድርጌዋለሁ፤ አልዋሽም።

እውነተኛው የአየር ከረጢት ማክሮፋጅ ታሪኩ ሌላ ነው። መነሻው ከመወለድ በፊት ወደ ሳንባ የገቡ ሴሎች ናቸው። ከተወለድን በኋላ ባሉት ቀናት ሳንባው ራሱ በሚያመነጨው ጂኤም-ሲኤስኤፍ በሚባል ፕሮቲን ይቀረጻሉ። ከዚያ እዚያው እየተተኩ ይኖራሉ። ጂኤም-ሲኤስኤፍ መጀመሪያ የደም ሴል ማብዣ ተደርጎ ነበር የሚታወቀው። በ1994 ግን ይሄ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ሲሠሩ የሁሉም ሰው ግምት ተገለበጠ፤ ደማቸው ደህና ነው ማለት ይቻላል፣ ሳንባቸው ግን ሰርፋክታንት በሚባለው ቅባታም ንጥረ ነገር ተሞላ። ለካ ያንን ቅባት የሚያጸዳው የአየር ከረጢቱ ማክሮፋጅ ነው፣ ማክሮፋጁ ደግሞ ያለ ጂኤም-ሲኤስኤፍ ሥራውን አይችልም። ሰዎች ላይም ተመሳሳይ በሽታ አለ። በ1999 የብዙዎቹ ሕመም መንስኤ የራሳቸው ሰውነት ጂኤም-ሲኤስኤፍን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል መሥራቱ መሆኑ ታወቀ። አንድ ፕሮቲን ጎደለና ሰው በገዛ ሳንባው ቅባት መተንፈስ አቃተው። ይሄን ሳነብ ነው ብልቃጡን በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት።

በላብ ስትሞክሩት ልዩነቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከዚያው ሰው፣ ከዚያው ደም፣ በዚያው ቀን የተወሰዱ ሞኖሳይቶች በኤም-ሲኤስኤፍ ሲያድጉ ይረዝማሉ፣ በጂኤም-ሲኤስኤፍ ሲያድጉ ክብ ይሆናሉ። ቲቢ ሲጨመርባቸው ደግሞ በጂኤም-ሲኤስኤፍ ያደጉት ባክቴሪያውን የመያዝ አቅማቸው ይሻላል። የሰው ማክሮፋጅ ላይ ጂኤም-ሲኤስኤፍን በፀረ እንግዳ አካል ስትዘጉት ባክቴሪያው እንደሚፋፋ ተደጋግሞ ታይቷል። ጂኤም-ሲኤስኤፍ የሌላቸው አይጦችም ቲቢን መቋቋም ያቅታቸዋል። ከኤም-ሲኤስኤፍ ይልቅ ይሄን እዘዙ የምለው ለዚህ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ዝርያ ይለያል። የሰው ጂኤም-ሲኤስኤፍ የአይጥ ሴል ላይ አይሠራም፣ የአይጡም የሰው ላይ አይሠራም። ስታዙ ትንሿን ጽሑፍ አንብቡ።

ጂኤም-ሲኤስኤፍ ብቻውን ግን አይበቃም። ሁለተኛው ቀራጭ ቲጂኤፍ-ቤታ ነው። እውነተኛ የአየር ከረጢት ማክሮፋጅ ከአይጥ ሳንባ ታጥቦ ወጥቶ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ማንነቱን ቀስ በቀስ ይረሳል። በጂኤም-ሲኤስኤፍና በቲጂኤፍ-ቤታ ሲያዝ ግን ራሱን ሆኖ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ አንዳንዶች ፒፓር-ጋማ የሚባለውን የሴል ማብሪያ የሚያነቃ መድኃኒትም ይጨምሩበታል። ለሰው ሴልም አዘገጃጀት አለ። ሞኖሳይት ላይ የሳንባ ሰርፋክታንት፣ ጂኤም-ሲኤስኤፍ፣ ቲጂኤፍ-ቤታና ኢንተርሉኪን-10 አንድ ላይ ተጨምረው በስድስት ቀን የአየር ከረጢት ማክሮፋጅን የሚመስል ሴል ይወጣል። ሰርፋክታንቱ ግሩም ሐሳብ ነው ባይ ነኝ። ሴሉ በሕይወት ዘመኑ ሁሉ ቅባት ውስጥ የሚዋኝ ከሆነ፣ ሳህን ላይ ቅባት ሳይኖር አሳድገኸው "ይሄ የሳንባ ሴል ነው" ማለት እንዴት ይሆናል?

ይሁን እንጂ ቲጂኤፍ-ቤታ እንደ እቃ ጣጣው ብዙ ነው። አመለኛ ፕሮቲን ነው። እንደ ሌሎቹ በውኃ አይሟሟም፤ ስስ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይፈልጋል። ፕላስቲክ ላይ ይጣበቃል፣ ስለዚህ አብሮት ተሸካሚ ፕሮቲን ካልተጨመረ ግማሹ ቱቦው ላይ ይቀራል። ከዚያም በላይ ሴል ለማሳደግ የምንጠቀምበት ሴረም (የደም ፈሳሽ) ውስጥ ራሱ ቲጂኤፍ-ቤታ አለ፣ በብዛት በታሰረ መልኩ። "አልጨመርኩም" ያላችሁት ሳህን ውስጥም አለ ማለት ነው። ውጤቱ ደስ ይላል፣ አያያዙ ግን ያማርራል። ከአምስት ሦስት ተኩል፣ ግማሿን የቀነስኩት በንዴት ነው።

አሁን ወደ ኮከቡ፤ ኢንተርፌሮን ጋማ።

ስሙ ትልቅ ነው፣ ስሙም የሚገባው ነው። በ1983 ማክሮፋጅን የሚያነቃው ዋናው ፕሮቲን እሱ እንደሆነ ታየ። በ1993 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ይሄ ፕሮቲን የሌላቸውን አይጦች በቲቢ ሲያጠቁ አይጦቹ መቋቋም አቅቷቸው ቶሎ ሞቱ። በ1996 ደግሞ የኢንተርፌሮን ጋማ ተቀባይ የጎደላቸው ሕፃናት ተገኙ። እነዚህ ልጆች ደካማ በሚባሉት የቲቢ ዘመድ ባክቴሪያዎችና በቢሲጂ ክትባት ጭምር በጽኑ ይታመማሉ። ሌላ ሰው ላይ ጠባሳ ብቻ ትቶ የሚያልፍ ክትባት እነሱን ለሞት ያደርሳል። ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ኢንተርፌሮን ጋማ ከሌለ ሰውነት ቲቢን መመከት አይችልም።

የአይጥ ሴል ላይ ስትጨምሩትም ቃሉን ይጠብቃል። ከኢንፌክሽኑ በፊት በነበረው ቀን ትጨምራላችሁ፣ ስታት-1 የሚባለው መልእክተኛ ይነሣል፣ ሴሉ ናይትሪክ ኦክሳይድ ማምረት ይጀምራል፣ ከረጢቱ ወደ አሲዱ መሄድ ይጀምራል፣ ሴሉ የራሱን ክፍል የሚበላበት አውቶፋጂም ይበረታል። ባክቴሪያው ይቀንሳል። ግራፉ ያምራል። አለቃ ይደሰታል።

የሰው ሴል ላይ ግን አይነፋም። በእርግጥ አንዳንድ ነገር ይለወጣል፤ የሴሉ ገጽ ላይ የሚወጡ ፕሮቲኖች ይጨምራሉ፣ ስታት-1 ይነሣል። ባክቴሪያው ግን ብዙ ጊዜ ቅር አይለውም። አንዳንድ የቆዩ ሙከራዎች ላይ እንዲያውም ጨምሯል። ብልቃጡ ላይ "ማክሮፋጅን ያነቃል" ተብሎ ይጻፋል፤ ውሸት አይደለም፣ ግን የየትኛውን ማክሮፋጅ? የሰው ማክሮፋጅ ሳህን ላይ እንደ አይጡ ናይትሪክ ኦክሳይድ አያመርትም። እሱ ይልቅ በቫይታሚን ዲ በኩል ነው የሚሄደው፤ ባክቴሪያ የሚገድል ካቴሊሲዲን የሚባል ትንሽ ፕሮቲን ለመሥራት ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል። ይሄ ከ2006 ጀምሮ ይታወቃል። በኋላ ኢንተርፌሮን ጋማም በሰው ሴል ላይ ለመሥራት ይሄንኑ መንገድ እንደሚፈልግ ታየ። ሴረማችሁ ቫይታሚን ዲ ከሌለው ብልቃጡን ብትገለብጡበትም ጥቅሙ ትንሽ ነው። እኔ ይሄን ያወቅኩት ለወራት "ፕሮቲኑ ተበላሽቷል" እያልኩ ሦስት ጊዜ አዲስ ካዘዝኩ በኋላ ነው። ፕሮቲኑ ምንም አልሆነም ነበር።

ሌላም የራሴ ጥፋት አለ። አንድ ጊዜ የሰው ኢንተርፌሮን ጋማ አዝዤ ለአይጥ ሴል ተጠቀምኩ። አንዱ ዝርያ ከሌላው ጋር ፈጽሞ አይግባባም። ሦስት ሳምንት "ምንም ለውጥ የለም" የሚል ውጤት ሰበሰብኩ፤ አንዱን ቀን እንዲያውም አዲስ ግኝት ነው ብዬ ለአለቃዬ ነግሬያለሁ። ይሄን ስጽፍም ጆሮዬ ይግላል።

ኢንተርፌሮን ጋማ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ግን ስለ እቃው ሳይሆን ስለ ሰዓቱ ነው። በሰውነት ውስጥ ይሄ ፕሮቲን በብዛት የሚመጣው ቲ-ሴሎች ከሚባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ነው፣ ቲ-ሴሎቹ ደግሞ ይዘገያሉ። አይጥ ላይ ባክቴሪያው ከሳንባ ወደ ሊምፍ እጢ ደርሶ፣ ቲ-ሴል ተቀስቅሶ፣ ተባዝቶ ወደ ሳንባ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ የአየር ከረጢቱ ማክሮፋጅ ብቻውን ነው። በነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ምን እያደረገ ነው ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ አይጥ ላይ የታየው የሚያሳዝን ነው። ባክቴሪያ የዋጠው ሴል የእሳት አደጋ ደወል ከመደወል ይልቅ ኤንአርኤፍ-2 በሚባል መቆጣጠሪያ በኩል ራሱን ከቃጠሎ የሚጠብቅበትን ሥራ ይሠራል። ዝምተኛ ነው። እንደዚህ የቀረጸው ደግሞ ያው ጂኤም-ሲኤስኤፍና ቲጂኤፍ-ቤታ ያለበት የሳንባ ኑሮ ነው። አቧራ በገባ ቁጥር ቢቆጣ ሳንባው መተንፈሻ መሆኑ ቀርቶ የጦር ሜዳ ይሆናል። ስለዚህ ታጋሽ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ቲቢው ይሄን ትዕግሥት ነው የሚጠቀምበት። በአይጥ ሳንባ ውስጥ ባክቴሪያው በአየር ከረጢቱ ማክሮፋጅ ውስጥ እንደሚመቸውና ከደም በመጡት፣ በሳንባው ሥጋ መሃል ባሉት ማክሮፋጆች ውስጥ ግን እንደሚጨነቅ ታይቷል። የመጀመሪያው ስብ ያቃጥላል፣ ሁለተኛው ስኳር ያቃጥላል። ባክቴሪያው ስቡን ይወዳል።

"ጂኤም-ሲኤስኤፍ ይይዘዋል አላልክም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ እዚህ ጋ ነገሩ ይወሳሰባል። ጂኤም-ሲኤስኤፍ የሌለበት ማክሮፋጅ ደካማ ነው፤ ጂኤም-ሲኤስኤፍና ቲጂኤፍ-ቤታ አብረው ያሳደጉት ደግሞ ብቁ ነው፣ ግን ለመቆጣት ይዘገያል። ሁለቱም እውነት ነው። እኛ ላብ ውስጥ የምናደርገው ምንድን ነው? ኢንተርፌሮን ጋማውን በመጀመሪያ እንጨምራለን፣ ባክቴሪያውን በማግስቱ። ሰውነት ውስጥ ባክቴሪያው ቀድሞ ይገባል፣ ኢንተርፌሮን ጋማው ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደርሳል። ቅደም ተከተሉን ገልብጠነዋል! ባክቴሪያው አስቀድሞ ከገባ ደግሞ የሴሉን ጆሮ ይደፍናል፤ በራሱ ቅባታም ፕሮቲኖች አማካይነት ሴሉ ለኢንተርፌሮን ጋማ የሚሰጠውን መልስ ያዳክማል። ይሄን ከተረዳሁ ወዲህ ሁለት ሳህን ነው የማዘጋጀው፤ በአንዱ ፕሮቲኑ ይቀድማል፣ በሌላው ባክቴሪያው ይቀድማል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ውጤት ሲሰጡ አይቼ አላውቅም።

በነገራችን ላይ እንደ መድኃኒትም ተሞክሯል። በ1997 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው አምስት ሰዎች በትንፋሽ ኢንተርፌሮን ጋማ ወስደው አክታቸው መሻሻል አሳይቶ ነበር። በኋላ የተጀመረው ሰፊ ሙከራ ግን ጥቅም ስላልታየበት ቆመ። ሲበዛም ጉዳት አለው፤ አይጥ ሳንባ ውስጥ ከልክ ሲያልፍ አይጡን ራሱን ይጎዳል። ለሰው ሴል ከአምስት ሦስት፣ ለአይጥ አምስት።

ቁጣ የሚቀሰቅሰውን ሳይቶካይን፣ ቲኤንኤፍን፣ በአጭሩ ላንሣ፣ እሱም የሚገርም ነው። በ2001 የወጣ ዘገባ ኢንፍሊክሲማብ የተባለውን ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ከወሰዱ ሰዎች መካከል 70 የቲቢ ሕመምተኞችን መዘገበ። ለመገጣጠሚያና ለአንጀት ሕመም መድኃኒት ወስደው ተኝቶ የነበረ ቲቢ ተነሣባቸው። ባክቴሪያውን ከቦ የያዘው ግራኑሎማ የሚባለው የሴሎች ክምችት ያለ ቲኤንኤፍ ይፈርሳል። ሲበዛስ? በ2013 በትንንሽ ዓሦች ላይ የተሠራ ሥራ ቲኤንኤፍ ሲበዛ ማክሮፋጁ ባክቴሪያውን መጀመሪያ እንደሚገድል፣ ከዚያ ግን ራሱ ፈንድቶ የተረፉትን ወደ ውጪ እንደሚለቅ አሳይቷል። ውጪ ደግሞ ያለ ከልካይ ይባዛሉ። ስለዚህ ይሄን ብልቃጥ ስትጠቀሙ እጃችሁን ጠበቅ አድርጉ። ሁለት ብልቃጦች እኩል ናኖግራም ይዘው የተለያየ ጉልበት ሊኖራቸው ስለሚችል ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ከብልቃጡ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ የተጻፈውን የጉልበት መለኪያ ተመልከቱ። ብዙ ሰው ያንን ወረቀት ከሳጥኑ ጋር ይጥለዋል።

ኢንተርፌሮን ቤታ እንደ እቃ እንከን የለውም፤ ትንሽ ጠብታ ይበቃል። እሱ ላይ ያለኝ ችግር ሌላ ነው፤ ሰዉ "ኢንተርፌሮን" የሚለውን ስም አይቶ ጥሩ ነገር ይመስለዋል። ለቫይረስ ጥሩ ነው። ለቲቢ ግን ብዙውን ጊዜ የባክቴሪያው አጋዥ ነው። በ2010 በቲቢ የታመሙ ሰዎች ደም ሲመረመር የዚሁ ቤተሰብ ኢንተርፌሮን አሻራ ጎልቶ ታይቷል፣ ሕመሙ በበረታ መጠን አሻራውም ይበረታል። በ2014 ደግሞ ይሄ ፕሮቲንና ኢንተርሉኪን-1 የሚባለው ቁጣ ቀስቃሽ ሳይቶካይን እርስ በርስ የሚገፋፉ መሆናቸው በደንብ ተገለጠ። ኢንተርሉኪን-1 ሲያሸንፍ አይጡ ይድናል፣ ኢንተርፌሮኑ ሲያሸንፍ ሳንባው ይበላሻል። ማክሮፋጅ ላይ ብታፈሱት የኢንተርሉኪን-1 ምርት ወዲያው ይወርዳል፤ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ለማስተማሪያ ከዚህ የተሻለ ብልቃጥ አላውቅም።

ኢንተርሉኪን-4 እና 10 ላይ ብዙ አልቆይም። 4 አውቶፋጂን ያዳክማል፣ ሴሉን ወደ ጥገና ሥራ ይገፋዋል፤ 10 ቁጣን ያበርዳል፣ ከረጢቱም ወደ አሲዱ እንዳይሄድ ይጎትታል። ሁለቱም የተባለላቸውን ይሠራሉ። ያናደደኝ ከሌሎች ጋር አብረው በአንድ ሳጥን ታሽገው "ኤም-1 እና ኤም-2 ማድረጊያ" ተብለው የሚሸጡት ስብስቦች ናቸው። ሴሉን በሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ተዋጊ ሌላውን ጠጋኝ ብሎ መጥራት ለሥዕል ይመቻል። በ2014 ብዙ ተመራማሪዎች ተሰባስበው "እባካችሁ ሴሉን ቁጥር ከምትሰጡት ምን እንደጨመራችሁበት ጻፉ" ብለው መክረዋል። ሳጥኑን የሚያሽጉት ሰዎች አልሰሙም መሰል። ሳንባ ውስጥ ያለው ሴል ከሁለቱም አይደለም። አትግዙት፣ ለየብቻ ግዙ።

የመጨረሻው የንዴት ርእሴ ንጽሕና ነው። አብዛኞቹ እነዚህ ፕሮቲኖች ኢ-ኮላይ በሚባል ባክቴሪያ ውስጥ ነው የሚመረቱት። የኢ-ኮላይ ቆዳ ደግሞ ኢንዶቶክሲን አለው፣ ማክሮፋጅ ኢንዶቶክሲን ሲነካው ያብዳል። በሚገባ ያልተጣራ ብልቃጥ ማለት የማታውቁት ሌላ መልእክት የተቀላቀለበት ብልቃጥ ነው። አንድ ጊዜ ሴል ማረጋጋት የሚገባው ፕሮቲን ገዝተን ሴሎቻችን ቲኤንኤፍ በገፍ ማምረት ጀመሩ። እኛ ለሁለት ሳምንት በጽንሰ ሐሳብ ስንከራከር ቆየን፣ አንዱማ አዲስ የመልእክት መንገድ ሣለ፣ ቀስት ሁሉ ሠራለት። በኋላ አንዷ ባልደረባችን ብልቃጡን አፈላችውና ጨመረችው። ፕሮቲን ሲፈላ ይሞታል፣ ኢንዶቶክሲን ግን አይሞትም። የፈላውም ያው ቲኤንኤፍ አስመረተ። አለቀ። ለሻጩ ስንጽፍ "ከተፈቀደው መጠን አይበልጥም" የሚል አንድ መስመር መልስ መጣ። የተፈቀደው መጠን ለኛ ሴል ብዙ ነበር።

ስለዚህ የትኛውንም ብልቃጥ ስትቀበሉ መጀመሪያ ትንሽ አፍሉና ሞክሩ። አንድ ከሰዓት ይወስድባችኋል፣ ሁለት ሳምንት ያተርፍላችኋል። ከዚያ በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ፤ እያቀለጡ መልሶ ማቀዝቀዝ ይገድለዋል። ቱቦው ላይ ቀንና ዝርያ ጻፉ። ዝርያ! ከላይ ጆሮዬ የጋለበትን አስታውሱ።

ልጁን በማግስቱ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁትና ኤም-ሲኤስኤፉን ሰርዞ ጂኤም-ሲኤስኤፍ፣ ቲጂኤፍ-ቤታና ሰርፋክታንት እንዲያዝ ነገርኩት። "ለምን?" አለኝ። ደስ አለኝ፣ እኔ በጊዜዬ ያልጠየቅኩትን ጠየቀ። ይሄን ሁሉ አስረዳሁት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ። እቃው ሲመጣ ቲጂኤፍ-ቤታውን በውኃ አሟሟው። አሲዱን መንገር ረስቼ ነበር። ሁለተኛውን ብልቃጥ እየጠበቅን ነው።